ሶሎቪዮቭ ስለ ፑሽኪን፣ ስለ ትዩቼቭና ስለ ሌርሞንቶቭ የጻፈውን ሂስ ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቭላዲሚር ሶሎቪዮቭ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የሩሲያው ፈላስፋ ነው፣ የዶስቶየቭስኪ ወጣት ወዳጅ፣ በ1881 የአሌክሳንደር ሁለተኛን ገዳዮች አዲሱ ንጉሥ ይማራቸው ብሎ በአደባባይ ተናግሮ ከዛ በኋላ ማስተማሩን የተወው ሰውዬ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እኔ ግን ከሥራዎቹ ሁሉ አብልጬ የምወደው በመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት ስለ ሀገሩ ገጣሚዎች የጻፋቸውን ሂሶች ነው። ስለ ፌትና ፖሎንስኪ በ1890 ጻፈ፣ ስለ ትዩቼቭና ስለ አሌክሴይ ቶልስቶይ በ1895፣ ስለ ፑሽኪን በ1897ና በ1899፣ ሌርሞንቶቭን ደሞ በ1899 ንግግር አድርጎበት ጽሑፉ የታተመው እሱ በ1900 ከሞተ በኋላ ነው። አሌክሴይ ቶልስቶይ ስል «ጦርነትና ሰላም»ን የጻፈውን ሌቭን አይደለም፣ ዘመዱን ነው፣ ይሄንንም የሚያምታታ አይጠፋም።

እና ስለነዚህ ጽሑፎች ሰው ሲከራከር ስሰማ በጣም የሚከነክነኝ ነገር ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፎቹ ውስጥ በሌለ ነገር ላይ መሆኑ ነው። አንዷ ዓረፍተ ነገር ተቆርጣ ትወጣለች፣ በሷ ላይ አንዱ ይቆጣል ሌላው ያጨበጭባል፣ ሰውየው ግጥሙን ቁጭ ብሎ እንዴት እንዳነበበው ማንም አያነሳም። ስለዚህ በብዛት የማያቸውን ስህተቶች አንድ ባንድ ላንሳቸው።

የመጀመሪያው ከ«የፑሽኪን ዕጣ» ጀምሮ እዛው መቅረት ነው። ይሄ በ1897 «ቬስትኒክ ዬቭሮፒ» መጽሔት ላይ የወጣው ጽሑፍ በጣም ያነጋገረ ስለሆነ ሁሉም መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው፣ ግን ስለ ግጥም ከጻፋቸው ሁሉ ግጥም በጣም ትንሽ ያለበት እሱ ነው። ስለ አንድ ሰው ሕይወትና አሟሟት የተጻፈ የሥነ ምግባር ሙግት ነው። ከሱ የጀመረ ሰው ሶሎቪዮቭን ገጣሚ የሚከስ ዳኛ አድርጎ ይይዘውና ከዛ በኋላ የትዩቼቭንም የሌርሞንቶቭንም በዛው ዓይን ያነበዋል። ከትዩቼቭ ጀምሩ። እውነቴን ነው፣ ከትዩቼቭ የጀመረ ሰው ሌላ ሶሎቪዮቭ ነው የሚያገኘው።

ሁለተኛው ደሞ «ውበት» ሲል ጌጥ ማለቱ ይመስለናል። እዚህ ጋ ካልተጠነቀቅን ቀሪው ሁሉ ይበላሻል፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። በ1889 «ውበት በተፈጥሮ» የሚል ድርሰት ጽፏል፣ መግቢያው ላይ ያስቀመጠው ውበት ዓለምን ያድናል የሚለውን የዶስቶየቭስኪን ቃል ነው፣ ግን ቃሉን ጠቅሶ አላለፈም፣ እንዴት ብሎ ነው የጠየቀው። ምሳሌው አልማዝና ከሰል ናቸው። በኬሚስትሪ ካየናቸው ሁለቱም ካርቦን ናቸው፣ በቁሱ ከሄድን ልዩነት የላቸውም። ታዲያ አልማዙን የሚያሳምረው ምንድነው? ብርሃኑ ብቻ ነው እንዳንል ብርሃኑ ከሰሉም ላይ ያርፋል። ከሰሉ ብርሃኑን ይውጠዋል፣ አልማዙ ግን ተቀብሎ በውስጡ ያሳልፈውና ሰብሮ በቀለም ይመልሰዋል። ስለዚህ ውበቱ ከቁሱም ከብርሃኑም ለየብቻቸው አልመጣም፣ ሁለቱ ተዋህደው ቁሱ ከራሱ በላይ የሆነ ነገር ማደሪያ ሲሆን ነው የመጣው። ከዛ ወደ ድምፅ ይሄዳል፣ ናይቲንጌል የምትባለውን ወፍ ዜማና ጣራ ላይ የምትጮህ ድመትን ያነጻጽራል፣ የሁለቱም መነሻ ያው የፍትወት ግፊት ነው፣ ድመቷ ጋ ግፊቱ እንዳለ ይወጣል፣ ወፏ ጋ ግን ተለውጦ ዜማ ሆኗል። ዳርዊንን ሳይቀር ጠቅሶ ነው የሚከራከረው።

ይሄ ለግጥም ምን ያደርጋል ካላችሁ፣ ብዙ ያደርጋል! ለሶሎቪዮቭ ውበት እውነተኛ ነገር ነው፣ በዓለም ላይ በእርግጥ የሚሆን ለውጥ ነው፣ ስለዚህ ገጣሚ ሲያይ እውነት ነው የሚያየው፣ እውነት ያየ ሰው ደሞ ላየው ነገር ይጠየቃል። ሁሉም ሂሶቹ ከዚች ሐሳብ ነው የሚወጡት። ትዩቼቭን ለምን እንደዛ እንደሚያከብረው፣ ፑሽኪንና ሌርሞንቶቭን ለምን እንደዛ እንደሚሞግታቸው ከዚህ ውጪ ሊገባን አይችልም። ውበትን ማሳመሪያ አድርገን ከያዝነው ግን «ግጥሙ ቆንጆ ነው ብለሃል፣ ታዲያ ስለ ሕይወቱ ምን አገባህ» ማለታችን አይቀርም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፣ ሰውየውን በግድ ከሁለቱ የጊዜው ጎራዎች አንዱ ውስጥ መክተት። በሩሲያ ከ1850ዎቹ ጀምሮ ኪነ ጥበብ ለሕዝብ ካልጠቀመ ምን ይሠራል የሚሉና ጥበብ ለራሷ ብቻ ናት የሚሉ በኃይል ይጣሉ ነበር፣ ፒሳሬቭ የሚባለው ሐያሲ ፑሽኪንን ራሱ አይረባም እስከማለት ደርሷል። ሶሎቪዮቭ መንፈሳዊ ሰው ስለሆነ ከሁለተኞቹ ጋር ነው ብሎ የሚገምት ብዙ ነው። ግን በ1894 የጻፈውን እዩ፣ የቼርኒሼቭስኪን የ1855 የመመረቂያ ጽሑፍ አንስቶ በትክክለኛው የሥነ ውበት መንገድ ላይ የመጀመሪያው ርምጃ ነው ብሎ ነው ያመሰገነው። ቼርኒሼቭስኪ ማለት ቁስ አካላዊውና ሳይቤሪያ የተጋዘው አብዮተኛ ነው እኮ! ሶሎቪዮቭ የወደደለት ጥበብን ከሕይወት ነጥሎ ሙዚየም ውስጥ የማስቀመጥን ሐሳብ ስለተቃወመ ነው። ከፒሳሬቭ ጋር አልተስማማም፣ ፑሽኪንን አይረባም ከሚል ሰው ጋር ምን ያገናኘዋል፣ ግን ጥበብ ከሌላው ነገር ሁሉ ተፋትታ ትኑር ከሚሉትም ጋር አልተስማማም። ለሱ ጥበብ ሕይወትን ታገለግላለች፣ የምታገለግለው ግን ጥበብ ሆና ነው።

አሁን ወደ ትዩቼቭ። ትዩቼቭ (1803–1873) ዲፕሎማት ነበር፣ ሙኒክ ውስጥ ረጅም ዓመት ኖሯል፣ የጻፈው ትንሽ ነው፣ ግጥሞቹም አጫጭር ናቸው። ሶሎቪዮቭ ጽሑፉን ሲጀምር በሩሲያ መሬት ሆድ ውስጥ ማንም ያልተጠቀመበት ስንት ሀብት ተቀብሯል ይባላል ይልና የትዩቼቭን ግጥሞች ከዛ ሀብት ይቆጥራቸዋል። እዚህ ጽሑፍ ላይ ሰው የሚሳሳተው በሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው ሶሎቪዮቭ የራሱን ፍልስፍና ግጥሙ ላይ ጫነበት የሚለው ነው። ይሄ ክስ ጨርሶ መሠረት የለውም አልልም፣ ግን መጀመሪያ የሚሠራውን እዩለት። ተፈጥሮ እናንተ እንደምታስቡት ነፍስ የሌለው ምስል አይደለችም፣ ነፍስ አላት ነጻነት አላት ፍቅር አላት ቋንቋ አላት የሚለውን የታወቀ የትዩቼቭን ግጥም ይወስዳል፣ ከዛ ከጀርመኑ ገጣሚ ከሺለር ጋር ያስተያየዋል። ሺለር የግሪክ አማልክት ስለጠፉ ያለቅሳል፣ እንደ ገጣሚ ተፈጥሮ ሕያው ብትሆን ይመኛል፣ እንደ አሳቢ ግን ሞታለች ብሎ አምኗል፣ ስለዚህ ግጥሙ ሙሾ ነው። ትዩቼቭ ግን እንደዛ ለሁለት አልተከፈለም፣ በስሜቱ ያየውን በአእምሮውም ያምነዋል፣ ሙሾ አያስፈልገውም። ይሄ ከውጪ የተጫነ ፍልስፍና አይደለም፣ የሁለት ግጥሞችን የድምፅ ልዩነት በጆሮው ለይቶ የሰማ አንባቢ ነው እንዲህ የሚለው። እኔ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ሌሎች የተፈጥሮ ግጥሞችንም ሳነብ ገጣሚው የሚለውን ያምነዋል ወይስ ይመኘዋል ብዬ መጠየቅ ለመድኩ፣ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ስህተት ጨለማው ላይ ነው። ትዩቼቭ የሌሊቱን ነፋስ ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው ብሎ የሚጠይቅበት ግጥም አለው፣ ነፋሱ ስለ ጥንቱ ትርምስ ይዘፍናል፣ የሰው የሌሊት ነፍስም ያን ዘፈን በስስት ታዳምጣለች፣ መጨረሻ ላይ ገጣሚው የተኙትን ማዕበሎች አትቀስቅስ፣ ከሥራቸው ትርምሱ ይንቀሳቀሳል ይላል። ሶሎቪዮቭ የትዩቼቭ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው አለ፣ ትልቁ የጀርመን ገጣሚ ጎተ ራሱ ምናልባት የዓለምን ጨለማ ሥር እንዲህ በጥልቀት አልያዘውም እስከማለት ሄደ። ይሄን የሚያነቡ ሰዎች ትዩቼቭን ተስፋ የቆረጠ ገጣሚ አድርጎ አቀረበው ይላሉ። አላደረገም! የሚለው ሌላ ነው፣ ያ ትርምስ ከታች ባይኖር ተፈጥሮ ጉልበትም ነጻነትም አይኖራትም ነበር፣ ሕይወቱም ውበቱም ባልኖረ ነው የሚል። ከላይ ያለው ብርሃን ትርምሱን አያጠፋውም፣ ይገዛዋል፣ ይገራዋል። ነጎድጓድና የተናወጠ ባሕር ለምን እንደሚያምረን አስቡት፣ የሚያስፈራ ኃይል ከሥር እየታገለ ስለሆነ ነው። አልማዙ ላይ ያየነው ነገር ነው በሌላ መልክ የመጣው፣ ጥቁሩ ካርቦን ከሌለ ብርሃኑ የሚያድርበት የለም። ለኔ ከሂሶቹ ሁሉ ይሄ ይበልጣል፣ ግጥሙን ሳይለቅ ፍልስፍናው ጋ ይደርሳል።

እሺ፣ ፑሽኪን። እኛ ሀገር ይሄ ነገር ስስ ነው። ብዙዎቻችን ፑሽኪንን የምናውቀው በቅድመ አያቱ በአብራም ጋኒባል በኩል ነው፣ ጋኒባል ከየትኛው የአፍሪካ ምድር እንደተወሰደ እስከዛሬ ቢያከራክርም ፑሽኪንን እንደ ዘመድ ነው የምናየው፣ እና ስለሱ ክፉ ሲነገር ልክ የኛ ሰው እንደተሰደበ ይሰማናል። ይገባኛል። ግን ስሜቱ ጽሑፉን እንዳናነብ ሊያደርገን አይገባም።

ታሪኩ ይታወቃል፣ በ1837 መጀመሪያ ፑሽኪን ሚስቱን ይከጅላል ተብሎ ከሚወራበት ከፈረንሳዊው መኮንን ከዳንቴስ ጋር ዱኤል (ሁለት ሰዎች ተቀጣጥረው በሽጉጥ የሚታኮሱበት የክብር ግጥሚያ) ገጠመ፣ ቀድሞ ተመታ፣ በረዶ ላይ ወድቆ ሳለ ራሱን ደግፎ ተኮሰና ዳንቴስን ክንዱ ላይ አቆሰለው፣ ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። የጊዜው አባባል ከሌርሞንቶቭ ጀምሮ ገጣሚውን የከፍተኛው ማኅበረሰብ ክፋት ገደለው የሚል ነበር። ሶሎቪዮቭ ደሞ ከ60 ዓመት በኋላ መጥቶ አይደለም፣ ፑሽኪንን የገደለው የተተኮሰበት ጥይት ሳይሆን እሱ ራሱ የተኮሰው ነው አለ። ይቺ ናት ተቆርጣ የምትዞረው። ሲቆርጧት ዳንቴስን ነጻ ያወጣው ይመስላል፣ ወይም ፑሽኪን የእጁን አገኘ ያለ ይመስላል።

የሙግቱ ሙሉ መንገድ ግን ይሄ ነው። ፑሽኪን ክርስቲያን ነኝ ብሏል፣ ለንጉሡም ሳያሳውቅ ዱኤል እንደማይገባ ቃል ሰጥቶ ነበር፣ ከሁሉ በላይ ደሞ በግጥሙ ከቂምና ከሐሜት በላይ የሆነውን ከፍታ ያየ ሰው ነው። እዛ ከፍታ ላይ መቆም ይችል ነበር፣ አልቆመም፣ ቁስሉ ላይ ተኝቶ እንኳ ለመግደል ተኮሰ። እና ዳንቴስን ገድሎት ቢሆን ኖሮ ከዛ በኋላ ያንን የጠራ ግጥም በሰላም መጻፍ ይችል ነበር ወይ? ብሎ ይጠይቃል ሶሎቪዮቭ። ዕጣ የሚለውም ዕውር አጋጣሚን አይደለም፣ የእግዚአብሔርን ቸርነት ነው፣ በነዚያ የመጨረሻ የስቃይ ሰዓታት ፑሽኪን ይቅር ብሎ፣ ታርቆ፣ የጠፋውን ከፍታ መልሶ አገኘው ነው የሚለው። ጽሑፉ የሚያልቀው በፑሽኪን ድል ነው፣ ይሄንን ግን ማንም አይጠቅስም።

የአና ኬርንም ነገር እንደዛው ነው። በ1825 ፑሽኪን ለሷ የጻፈው ግጥም «የንጹሕ ውበት መንፈስ» ይላታል፣ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ግን የባቢሎን ጋለሞታ ብሎ ጠርቷታል። ሶሎቪዮቭ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። ሰው ይሄን እንደ ወሬ ይበላዋል፣ ወይም ግጥሙ ውሸት ነው ሊል ነው ብሎ ይቆጣል። እሱ ግን ግጥሙን ውሸት አላለም። በዛች የመነሳሳት ሰዓት ያየው በእርግጥ ነበር፣ ችግሩ ያየውን በተራው ቀን ሕይወቱ ላይ እንዲሠራ አለመፍቀዱ ነው፣ ሁለቱን ዓለም ለያይቶ መኖሩን እንደ ተፈጥሮ ሕግ መቀበሉ ነው ያሳዘነው።

እዚህ ጋ የራሴን ልናገር፣ እኔ በሶሎቪዮቭ አልስማማም። ማኅበረሰቡ ያደረሰበትን ጫና አቅልሎታል፣ ስም አልባ የስድብ ደብዳቤ እየተላከለት ሚስቱ በየግብዣው ስትታማ የኖረን ሰው ከጸሐፊ ጠረጴዛ ሆኖ ከፍ ብለህ ቁም ማለት ይቀላል። በጊዜውም ጸሐፊውን ሮዛኖቭን ጨምሮ ብዙዎች ተነስተውበታል። ግን አለመስማማቴ ከጻፈው ጋር ነው፣ ከተቆረጠችው ዓረፍተ ነገር ጋር አይደለም። ደሞ ፑሽኪንን ጠላው ለሚል ሰው በ1899 በመቶኛ ልደቱ ዓመት የጻፈውን እጠቁመዋለሁ። እዛ ላይ የ1826ቱን «ነቢይ» የሚባለውን ግጥም ይተነትናል፣ ባለ ስድስት ክንፍ ሱራፌል በረሃ ላይ ለሚንከራተተው ሰው ይገለጥለታል፣ ዓይኑንና ጆሮውን ይነካለታል፣ ምላሱን ይነቅላል፣ ደረቱን ሰንጥቆ የሚንቦገቦግ ፍም ይከትለታል። ኢሳይያስን የሚያውቅ አንባቢ ወዲያው ምዕራፍ 6 ትዝ ይለዋል፣ ግን እዛ ፍሙ የነካው ከንፈር ነው፣ እዚህ ልብ ውስጥ ገባ። ሶሎቪዮቭ ይሄ ነቢይ የመጽሐፍ ቅዱሱም የቁርኣኑም ሰው አይደለም፣ የገጣሚው ጥሪ ራሱ ነው ይላል። ይህን ያህል ክብር ለግጥም የሰጠ ሰው ነው ያንን ያህል የጠየቀው።

ሌርሞንቶቭ ላይ ያለው ስህተት አጭር ነው ግን ብዙ ያሳጣል፣ «የኒቼ ቀዳሚ» (ኒቼ ማለት ከሰው በላይ ስለሆነ ሰው የሰበከው የጀርመን ፈላስፋ ነው) የምትለዋ ሌብል ላይ ማቆም። ብሏል፣ እውነት ነው፣ ሌርሞንቶቭን ራሱን ከሰው በላይ የሚያስቀምጠው መንፈስ አባት አድርጎታል፣ በትዕቢት ከሶታል፣ በፍቅር ግጥሞቹ ውስጥ እንኳ የሚወደደው ሰው የለም «እኔ» ብቻ ነው ያለው ብሏል። ከባድ ነው። ግን እዛው ውስጥ «ሕልም» የተባለውን የ1841 ግጥም የሚያነብበት ቦታ አለ፣ እሱን የዘለለ ሰው ምርጡን ዘሎታል። ግጥሙ እንዲህ ነው፦ በቀትር ሐሩር ዳግስታን ሸለቆ ውስጥ ደረቱ ላይ ጥይት ያለበት ሰው ወድቋል፣ ደሙ ጠብ ጠብ ይላል። እሱ በሀገሩ የሚደረግ የማታ ግብዣ ያልማል፣ ግብዣው ላይ አበባ የደፉ ሴቶች ስለሱ እየተሳሳቁ ያወራሉ፣ አንዷ ግን ከጨዋታው ወጥታ ብቻዋን በሐሳብ ተውጣለች፣ እሷም በተራዋ ሕልም ታያለች፣ የዳግስታንን ሸለቆና እዛ የወደቀውን የምታውቀውን ሬሳ። ሶሎቪዮቭ ይቆጥረዋል፣ ሌርሞንቶቭ ሕልሙን ያየው ወደፊት የሚሞተው ራሱ ሲያልም ነው፣ በዛ ሕልም ውስጥ ደሞ የሴትየዋ ሕልም አለ፣ ሦስት ሕልም ተደራርቧል። ሌርሞንቶቭ በዛው ዓመት ሐምሌ ላይ ፒያቲጎርስክ አጠገብ በዱኤል ሞተ፣ 26 ዓመቱ ነበር። ይህን የሚያክል ስጦታ ነበረው ነው የሚለው ፈላስፋው፣ ክሱም የከበደው ስጦታው ስለከበደ ነው።

ስለ ክሱ ዓላማም መጨረሻው ላይ ራሱ ተናግሯል። ሌርሞንቶቭ አሳምሮ የዘፈነለት ሰይጣናዊ ትዕቢት ሰው በሳተበት ቁጥር በሞተው ገጣሚ ነፍስ ላይ ሸክም ይጨምራል፣ እኛ ያንን ውሸት ስንገልጥ ሸክሙን እናቀልለታለን ይላል። እስቲ ይሄንን ልብ በሉት። ሂስን እንደ ፍትሐት ነው የያዘው። ትችቱ ትክክል ነው አይደለም ሌላ ጥያቄ ነው፣ በጥላቻ ነው የጻፈው ማለት ግን አይቻልም።

የመጨረሻው የሲምቦሊስቶቹ፣ ማለትም በምልክትና በፍንጭ ይጽፉ የነበሩት የጊዜው አዳዲስ ገጣሚዎች ነገር ነው። ከነሱ መሀል ብሎክና ቤሊ እንደ መምህራቸው ስላዩት ሶሎቪዮቭም አዲሱን ግጥም የወደደው ይመስለናል። በሕይወት እያለ ያደረገው ግን ተቃራኒውን ነው፣ በ1894ና 95 ወጣቱ ገጣሚ ብርዩሶቭ «የሩሲያ ሲምቦሊስቶች» የሚሉ ቀጫጭን መጽሐፎች ሲያወጣ በሂስ ቀጣቸው፣ የግጥማቸውን መሳቂያ አስመስሎም ጻፈ። ያቺን ኦ የገረጡ እግሮችህን ሸፍን የምትለዋን አንድ መስመር ግጥም ደሞ ግልጽ እንድትሆን «አለበለዚያ ብርድ ይመታሃል» ብሎ መጨመር ነበር አላት። ለምን እንደዛ ጨከነ ብትሉ፣ ምስጢር መምሰልና ምስጢር ማየት ለሱ አንድ አልነበሩም፣ ትዩቼቭ ጋ ያገኘውን እነሱ ጋ አላገኘውም። እንግዲህ ፍርዱ በዛን ሰዓት ለነበሩት ግጥሞች ነው እንጂ ከሱ ሞት በኋላ ለመጡት ለነ ብሎክ ሥራ አይደለም፣ ያንንም አብሮ ማምታታት አያስፈልግም። ብርዩሶቭ ራሱ ቂም አልያዘም፣ ሶሎቪዮቭ በሞተበት በ1900 ስለ ግጥሙ ትርጉም በአክብሮት የተጻፈ ጽሑፍ አወጣ፣ ሶሎቪዮቭ ገጣሚም ነበርና።